ማቅለሽለሹ ሳይቀድማችሁ ቅደሙት

የመጀመሪያውን ዙር ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒቱን፣ የወሰድኩት ሐምሌ 12 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር፣ ማክሰኞ። ከዚያ ቀን ማታ ጀምሮ ለአራት ቀን ከአልጋዬና ከአልጋዬ ሥር ከተቀመጠው ሳፋ አልተለየሁም። የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ "አይዞሽ፣ ኬሞ እንዲህ ነው" ስለሚለኝ እኔም እንዲህ ነው ብዬ ተቀበልኩት። በሁለተኛው ዙር ግን መድኃኒቱ ያው፣ መጠኑ ያው፣ ሰውነቴም ያው ሆኖ ያስመለሰኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የተለወጡት ከኬሞው ጎን የሚሰጡት ደጋፊ መድኃኒቶችና እኔ የምወስድበት ሰዓት ናቸው። ይህን የምጽፈው ካርድ አውጥታችሁ ተራ ለምትጠብቁ፣ ወይም እናታችሁን፣ እህታችሁን ለምታስታምሙ ነው። ያን አራት ቀን ማንም እንዲደግመው አልፈልግም።

የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም። የምጠቅሰው መጠን ለእኔ የታዘዘልኝ ነው። የእናንተን የሚያዘው የእናንተ ሐኪም ነው፤ ከእኔ ጽሑፍ ላይ ተነስታችሁ አንድም ኪኒን እንዳትገዙ።

የእኔ የጡት ካንሰር ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስምንት ዙር ታዘዘልኝ፣ በየ21 ቀኑ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ዶክሶሩቢሲን ከሳይክሎፎስፋሚድ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ አራቱ ፓክሊታክሰል። ዶክሶሩቢሲኑን ሕመምተኛው ሁሉ "ቀዩ" ነው የሚለው፤ ቀለሙ የከርከዴ ሻይ ይመስላል። በነገራችን ላይ ከተወሰደ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ሽንትም ይቀላል። ማንም ስላልነገረኝ ደም መስሎኝ ሽንት ቤት ውስጥ እግሬ ከድቶኝ ተቀምጬ ነበር። ደም አይደለም፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው። በዚያን ቀንና በማግስቱ ውኃ በደንብ ጠጡ፣ ሽንታችሁንም አትያዙ፤ አብሮት ያለው ሳይክሎፎስፋሚድ ፊኛ ውስጥ ሲቆይ ያቆስላል።

በመጀመሪያው ዙር ምን እንዳጠፋሁ ልንገራችሁ። ኬሞው ከመጀመሩ በፊት ማስመለስ የሚከላከል መርፌ በግሉኮሱ መስመር ሰጡኝ። ስጨርስ ደህና ነበርኩ። እንዲያውም "ይህችን ነው እንዴ ስፈራ የኖርኩት?" ብዬ ቤት ሄጄ ሽሮ በላሁ። በወረቀት ከረጢት የተሰጠኝን ኪኒን ደግሞ አስቀመጥኩት። አንደኛ ውድ ነው፣ ካስፈለገኝ እወስደዋለሁ አልኩ። ሁለተኛ ይህን ሁሉ መድኃኒት በአንዴ መዋጥ ጉበቴን ይጎዳዋል ብዬ ፈራሁ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ጀመረኝ። ያን ጊዜ ኪኒኑን ብውጠው አምስት ደቂቃ አይቆይም፣ ይወጣል። ደግሜ ዋጥኩ፣ ወጣ። ሦስተኛው ቀን ላይ እህቴ ደግፋ ሰፈር ያለ ክሊኒክ ወሰደችኝና ሜቶክሎፕራማይድ፣ ብዙ ሰው ፕላሲል የሚለውን፣ መርፌ ወጉኝ። ማስመለሱ ትንሽ ቀነሰልኝ፤ ግን አንድ ሰዓት ሳይሞላ እግሬን ማሳረፍ አቃተኝ። መቀመጥ አልችልም፣ መተኛት አልችልም፣ አገጬን ወደ ጎን ይጎትተኛል። እናቴ ሌላ ነገር የያዘኝ መስሏት ውዳሴ ማርያም ስትደግምልኝ አደረች። ኋላ ላይ እንደተረዳሁት ይህ መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ፣ በተለይ ወጣቶችና ሴቶች ላይ፣ እንዲህ ያደርጋል፤ ማርከሻ መድኃኒትም አለው። ደርሶባችሁ ከሆነ ካርዳችሁ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ።

ነሐሴ 3 ለሁለተኛው ዙር ስሄድ በሩ ላይ የዲቶልና የበረኪናው ሽታ ሲመታኝ፣ ምንም ሳልወስድ፣ ግድግዳ ይዤ አስመለስኩ። ሲስተሯ አየችኝ። የሃምሳ ዓመት አካባቢ ሴት ናት፣ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም።

"ባለፈው ዙር ብዙ አስመልሶሽ ነበር እንዴ?" አለችኝ።

"አራት ቀን" አልኳት።

"ለምን አልነገርሽንም?"

"ልቻለው ብዬ ነው ሲስተር።"

ካርዴን ገልጣ አሳየችኝ። ዶክተሩ በሳምንቱ "እንዴት ነሽ?" ሲለኝ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብዬው ነበር፤ እሱም መድኃኒቱን ያለ ችግር ወስዳለች ብሎ ጽፏል። "አየሽ፣ አንቺ ዝም ስትዪ እኛ ደህና ነሽ ብለን እንጽፋለን። ደህና የሆነ ሰው ደግሞ መድኃኒት አይቀየርለትም" አለችኝ። እኛ አገር ሕመምን መቻል ጨዋነት ነው፤ እኔም ያደግኩት በዚያ ነው። ኬሞ ክፍል ውስጥ ግን "እግዚአብሔር ይመስገን" ካላችሁ በኋላ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፦ ስንት ጊዜ አስመለሳችሁ፣ ስንት ቀን አልበላችሁም፣ ሰገራ ከወጣችሁ ስንት ቀን ሆነ። በቁጥር ንገሯቸው።

ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ማቅለሽለሹ ሁለት ማዕበል አለው። አንደኛው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ይመጣል። ሁለተኛው ከማግስቱ ጀምሮ እስከ አምስተኛው ቀን ይሄዳል። ኦንዳንሴትሮን አንጀት ወደ አእምሮ የሚልከውን "አስመልሺ" የሚል መልእክት መንገድ ላይ ይዘጋል፣ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመውም ለመጀመሪያው ማዕበል ነው። ለሁለተኛው ዴክሳሜታዞንና ሌሎች ያስፈልጋሉ። ሁሉም የሚሠሩት ግን ቀድመው ሲገኙ ነው። በር ከተሰበረ በኋላ ቁልፍ መግዛት ምን ያደርጋል? ሦስተኛም ዓይነት አለ፤ እኔ በሩ ላይ ያስመለስኩት እሱን ነው። አእምሮ የመጀመሪያውን ስቃይ ከሽታው ጋር አያይዞ ይይዘዋል፣ ከዚያ ሽታው ብቻውን ይበቃዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዙር በደንብ ማሳለፍ ለቀሩት ዙሮች ሁሉ ነው የሚጠቅመው።

የተሰጠኝ አዲሱ አወሳሰድ ይህ ነበር። ኦንዳንሴትሮን 8 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ለሦስት ቀን፣ አመመኝም አላመመኝም። ዴክሳሜታዞን ጠዋት ጠዋት ከምግብ በኋላ። ኦላንዛፒን 5 ሚሊ ግራም ማታ ስተኛ ለአራት ቀን።

ኦላንዛፒኑ ቤታችን ውስጥ ጭቅጭቅ አስነሳ። እህቴ ስልኳ ላይ አንብባ "ይሄ እኮ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ነው! ምን አድርገሽ ነው የሰጡሽ?" አለች። እናቴ ይህን ስትሰማ ኪኒኑን ከእጄ ልትወስደው ነበር። በማግስቱ ደውለን ጠየቅን። እውነት ነው፣ የተሠራው ለዚያ ነው፤ ግን በትንሽ መጠንና ለጥቂት ቀን ሲወሰድ የኬሞን ማቅለሽለሽ፣ በተለይ የሁለተኛውን ማዕበል፣ በጣም ይቀንሳል፣ ለዚህም በዓለም ዙሪያ ይታዘዛል። እንቅልፍ ያመጣል፣ ጠዋት ላይ ራስን ከባድ ያደርጋል፣ ስለዚህ ማታ ነው የሚወሰደው፤ ሌሊት ስትነሱም ግድግዳ ይዛችሁ ተነሱ። እኔ ከኬሞ በኋላ የመጀመሪያውን ሙሉ እንቅልፍ የተኛሁት በእሱ ነው። የመድኃኒቱን ወረቀት አንብቦ ደንግጦ መተው ብዙ ሰው ላይ አይቻለሁ። ደንግጡ፣ ግን ከመተዋችሁ በፊት ደውሉ።

ሰዓቱን የሚይዝልኝ የ11 ዓመቱ ልጄ ነበር። ባለ ካሬ ደብተር አወጣና ሰንጠረዥ ሠራልኝ፤ በጎን በኩል ቀን፣ ከላይ የመድኃኒቱ ስም፣ ስወስድ እሱ ራሱ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ያደርጋል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ውኃ በብርጭቆ ይዞ በሩ ላይ ይቆማል። "እማዬ፣ ሰዓትሽ ደርሷል።" ምንም ማድረግ አልችልም ብሎ ሲፈራ የነበረ ልጅ ሥራ አገኘ። ቤታችሁ ልጅ ካለ ይህን ሥራ ስጡት።

ሁለተኛው ዙር የወደቀው ጾመ ፍልሰታ ውስጥ ነው። ዴክሳሜታዞን ባዶ ሆድ ላይ ጨጓራ ይልጣል። ከሰዓት በኋላ ከተወሰደ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ዓይን አይከደንም። ስለዚህ ጠዋት መብላት ግድ ነው። ነፍስ አባቴን ጠየቅኳቸው፤ "ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን ጹም አትልም፤ ብይና መድኃኒትሽን ውሰጂ" አሉኝ። ለመብላት ሳይሆን ፈቃዳቸውን ለመስማት ነበር የምፈልገው። የሚጾም ሰው ካላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁለት፤ ሙስሊም ጎረቤቴም በረመዳን ኢማሟን ጠይቃ ተመሳሳይ መልስ ነው ያገኘችው። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ ዴክሳሜታዞን ስኳር ስለሚጨምር ለሐኪሙ ተናገሩ፣ ቤት ውስጥም ቶሎ ቶሎ ተለኩ።

ምግብን በተመለከተ ሞቅ ያለ ነገር ሽታው ስለሚበረታ ቀዝቀዝ ያለ ይሻላል። አጥሚት ቀዝቅዞ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ትንሽ ትንሽ። ቡና ሲቆላና ሽንኩርት ሲቁላላ ቤቱን ለቅቄ ደጅ እቀመጥ ነበር። ዕጣንም እንዲቀር ለመንኩ፤ እናቴ ቅር እያላት ተወችልኝ።

አሁን ሰው የማያወራውን ላውራ። ኦንዳንሴትሮን ሆድ ያደርቃል። እኔ በሁለተኛው ዙር አምስት ቀን ሰገራ አልወጣሁም፣ ሆዴ ከበሮ ሆነ፣ ሲወጣ ደም ነበረው፣ አለቀስኩ። ለሲስተሯ ስነግራት አፍሬ መሬት መሬት እያየሁ ነበር። እሷ ግን ያለ ምንም ማጋነን ቢሳኮዲል የሚባል ትንሽ ኪኒን ማታ ማታ እንድጀምር ዶክተሩን አሳዘዘችልኝ፤ ለሚቀጥሉት ዙሮች ኦንዳንሴትሮኑን በጀመርኩበት ቀን አብሬ ጀመርኩት። ቤት ውስጥ ደግሞ የተፈጨ ቴልባ በውኃ፣ ፓፓያ፣ በግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት። አንድ ነገር ግን አደራ፦ በኬሞ ወቅት በፊንጢጣ የሚገባ መድኃኒትም ሆነ ውኃ ሐኪም ሳይፈቅድ አትጠቀሙ። ነጭ የደም ሴል በወረደበት ጊዜ እዚያ የምትፈጠር ትንሽ ጭረት ኢንፌክሽን ታስገባለች።

ይህ ወደ ትልቁ ነገር ያመጣኛል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ካነበባችሁ ይህን አንብቡ።

ነሐሴ 13 ሌሊት ነው፣ ከኬሞው በአሥረኛው ቀን። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ብርድ ብርድ አለኝ። ክረምት ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ እናቴ "ብርድ መቶሽ ነው" ብላ ጋቢ ደረበችልኝ። ልጄ ቴርሞሜትሩን ብብቴ ውስጥ አስገባው፤ 38.4 አለ። እናቴ ዳማከሴ ልጭመቅልሽ አለች፣ እህቴ ፓራሲታሞል ሰጠችኝ። ዋጥኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ 37.5 ሆነ፤ ሁላችንም ተመስገን ብለን ተኛን። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነቃሁ፣ አልጋው አብሮኝ ይንቀጠቀጣል። ኮንትራት ታክሲ ፈልገን ሆስፒታል የደረስነው 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።

ኬሞ መቅኒ ውስጥ የሚሠሩትን ነጭ የደም ሴሎች ይቀንሳል፤ እኔ ከወሰድኩት ዓይነት በኋላ ዝቅ የሚሉት ከአንድ ሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በዚያ ጊዜ ሰውነት የሚዋጋበት ወታደር የለውም። ቁስል አይመግልም፣ ጉሮሮም ብዙ ላያብጥ ይችላል፤ የምናየው ብቸኛ ምልክት ትኩሳት ሊሆን ይችላል። እኛ ያንን ብቸኛ ምልክት ነው በፓራሲታሞል የደበቅነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ባከነ። ለእንዲህ ዓይነቱ ትኩሳት በደም ሥር የሚሰጠው አንቲባዮቲክ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት ነው የሚባለው።

እዚያ ስንደርስም ድንገተኛ ክፍሉ ሞልቷል። ተራ ያዙ ተባልን፣ ከሚያስሉና ከተጎዱ ሰዎች መሀል ወንበር ላይ አርባ ደቂቃ ተቀመጥኩ። ማንንም አልወቅስም፣ ሲታይ ነጠላ የለበሰች የምትንቀጠቀጥ ሴት ነኝ፣ ኬሞ ላይ መሆኔን ፊቴ ላይ አያነቡም። እህቴ ነች በመጨረሻ ጮክ ብላ "ኬሞ ላይ ናት፣ አሥረኛ ቀኗ ነው፣ ትኩሳቷ 38 ተኩል አልፏል" ያለችው። አንዲት ወጣት ሐኪም ከክፍል ወጥታ እጄን ይዛ አስገባችኝ። ደም ተወሰደ፣ መድኃኒት ተተከለ። ስድስት ቀን ተኛሁ። የፍልሰታ ለታ የቅዳሴውን ድምፅ በመስኮት ሰማሁት።

ስለዚህ ቴርሞሜትር ኬሞው ከመጀመሩ በፊት ይገዛ። 38 ከሆነ አትጠብቁ፣ ቀንም ሌሊትም ሂዱ። ከመለካታችሁ በፊት ፓራሲታሞል፣ ዳይክሎፌናክ፣ ምንም አትዋጡ። በሩ ላይ የመጀመሪያው ቃላችሁ "ኬሞ ላይ ነኝ፣ ትኩሳት አለኝ" ይሁን፣ የኬሞ ካርዳችሁንም በእጃችሁ ያዙ። ከክፍለ ሀገር የምትመጡ ከሆነ ደግሞ ኬሞውን ወስዶ በማግስቱ አውቶቡስ ከመሳፈር ሁለተኛው ሳምንት እስኪያልፍ ሆስፒታል አቅራቢያ ማረፍ ቢቻል መልካም ነው። የማረፊያ ችግር ያለባችሁ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ማኅበርን ጠይቁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከሩቅ ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ አላቸው።

ጠበል የማልተወው ነገር ነበር። ነጭ የደም ሴሌ ወርዶ ሳለ ያልፈላ ውኃ እንዳልጠጣ ሲነገረኝ ከበደኝ። ነፍስ አባቴ እንደገና አቀለሉልኝ፦ "አሁን ተረጪው፣ ስትድኚ ትጠጪዋለሽ።" ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተትም በዚያው ቀሩ። ጥቁር አዝሙድ በማር፣ ጤና አዳምና ሌላም ብዙ ነገር ጎረቤት ያመጣልኛል፣ በፍቅር ነው የሚያመጡት። ተቀብዬ አመስግኜ አስቀምጥና ሐኪሙን እጠይቃለሁ። ያልጠየቅኩትን አልወሰድኩም።

ትኩሳቱ ስለያዘኝ ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ ፊልግራስቲም ታዘዘልኝ። መቅኒው ነጭ የደም ሴል ቶሎ እንዲሠራ የሚያደርግ መርፌ ነው፣ ሆድ ላይ ከቆዳ ሥር ይወጋል። ኬሞው ካለቀ 24 ሰዓት ሳይሞላ አይጀመርም። ችግሩ ዋጋውና መገኘቱ ነው። ከነማ ሄድን፣ ቀይ መስቀል መድኃኒት ቤት ሄድን፣ በዚያ ሳምንት አልነበረም። የአጎቴ ልጅ ዱባይ ነው የምትሠራው፤ በሐኪም ማዘዣ ገዝታ ከሰው ጋር ላከችልኝ። ይህ መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፣ በረዶ ከሆነም ይበላሻል። ያመጣው ልጅ በበረዶ ቦርሳ ነው የያዘው፣ በጨርቅ ጠቅልሎ በረዶውን እንዳይነካ አድርጎ። እኛ ቤት በገባ በሁለተኛው ቀን መብራት ጠፋ። ፔርሙዝ ውስጥ በረዶ አድርገን፣ መርፌዎቹን በፎጣ ጠቅልለን፣ ፍሪጅ በጄኔሬተር ወደምታስነሳ ጎረቤት ቤት ሮጥን። ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ በሻንጣ መሀል ጠቅልሎ መላክ ገንዘቡን መጣል ነው። ሲደርስም ለፋርማሲስት አሳዩት፣ ስንት ሰዓት ከፍሪጅ ውጭ እንደቆየ በትክክል ንገሩት።

መርፌው አጥንት ያማል። ወገቤና ዳሌዬ ውስጥ የሚመታ ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር፣ በተለይ በሦስተኛው ቀን። መቅኒው እየሠራ ስለሆነ ነው። ለዚህ ፓራሲታሞል ተፈቀደልኝ፣ ግን በፊት ትኩሳት ተለክቶ ነው የምውጠው። መስከረም 1 ከሦስተኛው ዙር በኋላ አሥራ ሁለተኛ ቀኔ ነበር። ዘመድ ሁሉ ሊስመኝ መጣ፤ እህቴ በሩ ላይ ቆማ "ዘንድሮ በእጅ ብቻ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ" ስትል አንዳንዱ ተቀየመ። ይቀየም። ትኩሳት አልያዘኝም።

አፌም ቆስሎ ነበር። እንጀራው ኮምጣጣ ስለሆነ እንደ እሳት ያቃጥላል፣ በርበሬማ አይታሰብም። አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አድርጌ፣ ከምግብ በኋላና ስተኛ እጉመጠመጣለሁ፣ እተፋለሁ። አልኮል ያለበት የአፍ ማጠቢያ አይሆንም። ምላስ ላይ እንደ እርጎ ያለ ነጭ ነገር ከታየ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል አሳዩ፤ ለእኔ ኒስታቲን የሚባል ፈሳሽ ተሰጠኝና በሳምንት ለቀቀኝ።

ከጥቅምት ጀምሮ ፓክሊታክሰል ሆነ። ማቅለሽለሹ በጣም ቀለለ። ይህኛው የሚያስፈራው በሚገባበት ሰዓት በሚያመጣው አለርጂ ነው። ለዚያ ሲባል ዴክሳሜታዞን ከ12 ሰዓትና ከ6 ሰዓት በፊት እንድወስድ ታዘዝኩ፤ ቀጠሮዬ ጠዋት 3 ሰዓት ስለሆነ አንዱን ማታ 3 ሰዓት፣ ሌላውን ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ልጄ በደወል ይነሳና ከቁራሽ ዳቦ ጋር ያመጣልኛል። ከረሳችሁት መድኃኒቱ ከመሰቀሉ በፊት ተናገሩ፣ በዝምታ አትቀመጡ። ሲገባም ደረት ከጨነቀ፣ ፊት ከጋለ፣ ወገብ ድንገት ካመመ በዚያው ቅጽበት ሲስተሯን ጥሩ። ለቀዩም እንዲሁ ነው፤ መርፌው የገባበት ቦታ ካቃጠለ ወይም ካበጠ "ይለፍልኝ" አይባልም፣ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋን ይበላል።

ፓክሊታክሰሉ የተወልኝ ነገር ግን አለ። ከሁለተኛው ዙር በኋላ የልጄን የዩኒፎርም ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ። ጣቶቼ ጫፍ ላይ ጉንዳን ይሄዳል። የእግሬ ጣቶች ደግሞ ካልሲ የለበሱ ይመስለኛል፣ ባዶ ሆነው ሳለ። በዚህ ጊዜ ዝም አላልኩም፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ የቁልፉን ነገር ነገርኳቸው። ሐኪሟ መጠኑን ቀነሰችልኝ፤ የሚያቃጥል ሕመም ከሆነ ዱሎክሴቲን የሚባል መድኃኒት እንዳለም ነገረችኝ። ቶሎ መናገሩ የጠቀመው መጠኑን ማስተካከል የሚቻለው ጉዳቱ ሳይበረታ ስለሆነ ነው። የመጨረሻውን ዙር ታኅሣሥ 4 ቀን 2015 ወሰድኩ። በዓመቱ ክፍል ስመለስ ጠመኔው አሁንም አልፎ አልፎ ከጣቴ ያመልጣል፤ ተማሪዎቼ ያነሱልኛል።

ስለ ኬሞ የሚፈሩ ዘመዶች ለሚነግሯችሁ ታሪክ አንድ ነገር ልበል። ኦንዳንሴትሮንም ፊልግራስቲምም አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ ወደ እኛ እስኪደርሱ ደግሞ ተጨማሪ ዓመታት ሄደዋል። ከዚያ በፊት ኬሞ የወሰደ ሰው ያየውን መከራ የሚያወራችሁ ሰው አልዋሸም። ዛሬ ግን ያንን ስቃይ የሚቀንስ መድኃኒት አለ። ስሙን አውቃችሁ ጠይቁ፣ ማዘዣውን ከቀጠሮው ሳምንት ቀድማችሁ ተቀበሉ፣ ገዝታችሁ ተዘጋጁ፤ በዕለቱ መፈለግ ከጀመራችሁ ላታገኙ ትችላላችሁ።

የልጄን ደብተር ፎቶ ኮፒ አድርጌ አብረውኝ ወንበር ላይ ለነበሩ ሰጥቻለሁ። ቴርሞሜትሬን ደግሞ እኔ ጨርሼ እሷ ለምትጀምር አንዲት የሰፈሬ ልጅ ሰጠኋት። በዘጠነኛ ቀኗ ከምሽቱ 5 ሰዓት ደወለችልኝ፣ "እትዬ፣ 38.1 ይላል፣ እናቴ ፓራሲታሞል ዋጪ እያለችኝ ነው።" እንዳትውጪው፣ ካርድሽን ያዢና አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል ሂጂ፣ በሩ ላይ ምን እንደምትዪ ታውቂያለሽ አልኳት። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ እንደገና ደወለች። ድምፅዋ ደክሟል፣ ግን ደህና ነው።

"ሳልቀመጥ ነው ያስገቡኝ" አለችኝ። "ተተክሎልኛል።"